«ዞር በሉ» ፍሬን አይደለም

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2016፣ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት። (ቀኑም ዓመቱም እስከ መጨረሻው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ቦታው ምሥራቅ ለንደን፣ ኦልድ ስትሪት። ስሙ «አሮጌ መንገድ» ማለት ነው፤ ዳርና ዳሩን ያሉት መሥሪያ ቤቶች ግን አዳዲስ ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰው ከየቢሮው ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል።

ወይዘሮ ኪም ብሪግስ ከነዚህ ሰዎች አንዷ ነበሩ። 44 ዓመታቸው ነው፤ የሁለት ልጆች እናት። መንገዱን ሊያቋርጡ ወረዱ። መብራት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ቅርብ ነበር። እሳቸው ግን ከማቋረጫው ጥቂት ሜትሮች ፈቀቅ ብለው ገቡ። ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነው።

በዚያው ሰዓት አንድ የ18 ዓመት ልጅ በሳይክል እየመጣ ነበር። ስሙ ያኔ ጋዜጣ ሁሉ ላይ ወጥቷል። እዚህ አያስፈልገንም፤ ቅጣቱን ተቀብሏል፣ ይኑርበት። ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሴትዮዋን አያቸውና ጮኸ። ትንሽ ቀነስ አደረገ፤ በኋላ እንደተገመተው በሰዓት ከ16 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ድረስ ወርዷል። ደግሞ ጮኸ። ያሁኑ ስድብ የተቀላቀለበት «ከመንገዴ ዞር በይ» ነው። ከዚያ ተጋጩ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት።

ወይዘሮ ኪም አስፋልቱ ላይ ወደቁ። የጭንቅላት ጉዳታቸው ከባድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

እንግሊዝ አገር የሳይክል ነገር ከተነሣ ይህ ጉዳይ ሳይጠቀስ አይቀርም። ሁሉም የራሱን ያነብበታል። አንዱ ስለ ፍሬን ያወራል፣ አንዱ ስለ ሕግ ክፍተት፣ ሌላው ስለ ጋዜጦች ጫጫታ። እኔን የያዙኝ እነዚያ ሁለት ጩኸቶች ናቸው። ወደነሱ ከመሄዴ በፊት ግን ሳይክሉን እንየው፤ ያለሱ ጉዳዩ አይገባም።

ልጁ ሳይክሉን የገዛው ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ያገለገለ ነው፤ ዋጋው 470 ፓውንድ ገደማ። የመንገድ ሳይክል አይደለም። ዙሪያውን በተከበበ የውድድር ሜዳ ውስጥ እንዲጋለብ የተሠራ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሳይክል ፔዳልና የኋላ ጎማ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል። እግርህን አሳርፈህ ቁልቁል መፍሰስ የሚባል ነገር የለም። ማቆም ከፈለግህ ፔዳሉን ወደ ኋላ እየገፋህ ትታገለዋለህ። ሜዳው ውስጥ ፍሬን የለም፣ እንዲኖርም አይፈለግም። ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ የሚያቋርጥ እግረኛ የለም፤ አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያለው ሁሉ ይደራረባል። እዚያ ፍሬን ማውለቅ ጥንቃቄ ነው። ኦልድ ስትሪት ላይ ደግሞ ተቃራኒው።

የለንደን መልእክተኞች፣ ማለትም ከቢሮ ቢሮ ሰነድ በሳይክል የሚያመላልሱት፣ ይህን ሳይክል ይወዱታል። ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር አይበዛበትም። ከነሱ ወደ ፋሽን ተዛመተ። ልጁም ቀደም ሲል በዚሁ የመልእክት ሥራ ላይ ነበር።

ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ ከ1983 ጀምሮ አለ። ጎዳና ላይ የሚወጣ ሳይክል በፊትም በኋላም ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል። የታሰረው ፔዳል እንደ ኋላ ፍሬን ይቆጠርልሃል። የፊቱ ግን የግድ ነው። የልጁ ሳይክል የፊት ፍሬን አልነበረውም። ይህን ሕግ አላውቅም ነበር አለ።

እዚህ ላይ ፈገግ ያለ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ሳይክል በሰዓት እየተከራየ ያደገ ሰው ሁሉ ፍሬን የሌለው ሳይክል ነድቷል። የሰፈር ኪራይ ሳይክል ፍሬኑ አንዴ ከተበጠሰ ማን ያሠራዋል? በጫማህ ሶል የኋላ ጎማውን ትጫነዋለህ። ሶሉ ይሸታል። ማታ ቤት ስትገባ የአንዱ እግር ጫማ ብቻ ለምን እንዳለቀ ትጠየቃለህ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ጩኸት ነው፤ «ፍሬን የለውም! ዞር በሉ!» ሰውም ዞር ይላል፣ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እየተራገመ።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እኛ የምንጮኸው ፈርተን ነበር። ጩኸታችን ልመና ነው፤ ጥፋቱ የኛ መሆኑን እያወቅን «አድኑን» ማለታችን ነው። ኦልድ ስትሪት ላይ የተሰማው ትእዛዝ ነበር።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንምጣ። በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ማለት በሰኮንድ ስምንት ሜትር ማለት ነው። አንዴ ዐይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሳይክሉ ሜትሮች ሄዷል። ሰው ድንገት ሲጮኹበት ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ባለበት ይደርቃል። አንዳንዱ ወደ ድምፁ ይዞራል። አንዳንዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይልና ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። የቱን እንደሚያደርግ ራሱም አስቀድሞ አያውቅም። ልጁ ችሎት ላይ እንደተናገረው፣ በጎናቸው ሊያልፍ ሲል ሴትዮዋ ወደ ኋላ ተመለሱበት። ይህን ያነሣው ራሱን ሊከላከልበት ነው። እኔ ሳነብበው የታየኝ ሌላ ነገር ነው። የጮኸበትን ሰው ወዴት እንደሚሄድ ገምቶ በተረፈው በኩል ለመሹለክ መሞከር ቁማር ነው፤ ሲበላም የሚከፈለው በሌላው ሰው አካል ነው።

ጡሩንባ የሚያበዛ ሹፌር ሁላችንም እናውቃለን። እግሩ ፍሬኑን ከመንካቱ በፊት እጁ ጡሩንባው ላይ ነው። አንዴ ከነፋ በኋላ ኃላፊነቱን ያስረከበ ይመስለዋል። «ነግሬዋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የእግረኛው ጉዳይ ነው። ሳይክል ላይ የተቀመጠም ሰው ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደለም። እንዲያውም ይብስበታል፤ ምክንያቱም ፍጥነት ላይ ያለ ሳይክል ማቆም ድካም ነው። ያቆምከውን እንደገና በጉልበትህ ነው የምታስነሣው። ለዚህ ነው ሳይክል የሚነዳ ሰው መቆምን እንደ ኪሳራ የሚያየው። ይህን ስል ማመካኛ መስጠቴ አይደለም። በየእግረኛው መንገድ ላይ የምናየው ጋጠወጥ አነዳድ ግማሹ ከዚህ ስንፍና ይመነጫል ብዬ ስለማስብ ነው።

ከአደጋው በኋላ ልጁ ያደረገው ነገር ጉዳዩን የባሰ አመረረው። ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። ሁለቴ አስጠንቅቄያታለሁ፣ ስልኳን እያየች ነበር፣ ጥፋቱ የሷ ነው፣ ትምህርት ይሆናታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ የሚል መንፈስ ያለው ነው። የጻፈው ቃል በቃል ችሎት ቀረበ። የ18 ዓመት ልጅ ደንግጦ የጻፈው ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ግን ያንን «ሁለቴ አስጠንቅቄያታለሁ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ሁለቴ ለመጮህ ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ለመከላከያ ያነሣት ዐረፍተ ነገር መልሳ ራሱን የምትከስ ናት። አንደኛውን ጩኸት ሲጮህ አይቷቸዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለችው ጊዜ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለመቆም ልትውል የምትችል ነበረች።

ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2017 ተሰየመ፤ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የታወቀ የወንጀል ችሎት። ልጁ በዚህ ጊዜ 20 ዓመቱ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሁለት ክስ ይዞ ቀረበ። አንደኛው፣ አስቦበት ባይሆንም ሕገወጥ በሆነ ድርጊት ሰው መግደል። በሳይክል ነጂ ላይ እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ ያልተለመደ ስለነበር አገር ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ሁለተኛውን ክስ ቆይቼ አመጣዋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የክርክሩ መሐል ፍሬኑ ነበር። ፖሊስ ሙከራ አደረገ። የልጁ ዓይነት ሳይክል ለመቆም 12 ሜትር ገደማ ፈጀበት። የፊት ፍሬን ያለው ሌላ ሳይክል ደግሞ 3 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ ተባለ። እንግዲያው ፍሬን ቢኖረው ኖሮ አይገጫቸውም ነበር፤ የዐቃቤ ሕግ መደምደሚያ ይኸው ነው።

ስለ ፍሬን ትንሽ እናውራ። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማው አስፋልቱን ይነክሳል፤ የኋላው ይቀልና መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ ሳይክልን ጥርቅም አድርጎ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። የኋላ ብቻ ይዘህ ለመቆም ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ርቀት ያስፈልግሃል። 12 ሜትሩ ለዚህ ነው እውነት የሚመስለኝ። 3 ሜትሩ ግን አልተዋጠልኝም። በሰኮንድ ስምንት ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሦስት ሜትር ውስጥ ቀጥ ይበል ካልከው ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። ስድስት ወይም ሰባት ሜትር ብትለኝ አምንሃለሁ። ያውም እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ ያለውን ጊዜ ሳንቆጥር። በዚያን ጊዜም ሳይክል የሚነዱ ጠበቆች ይህንኑ አንሥተው ሙከራውን ተችተውታል። የእንግሊዝ የመንገድ መመሪያ መጽሐፍ ለመኪና እንኳ በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር፣ ሲነዳ የሚሰጠው ሙሉ የማቆሚያ ርቀት 12 ሜትር ነው፤ ስድስቱ ለማሰቢያ፣ ስድስቱ ለፍሬን።

ይህን የማነሣው ልጁን ነፃ ላወጣው አይደለም። የፊት ፍሬን ሳይኖረው ከተማ መግባቱ ጥፋት ነው፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያለቀ ነው። የምለው፣ ፍሬን ቢኖረውም እጁ ባይይዘው ኖሮ ለውጥ የለውም። ፍሬን የሚይዘው እጅ ሳይሆን «ልቁም» የሚለው ሐሳብ ነው። ያ ሐሳብ እዚያ ቀን ኦልድ ስትሪት ላይ አልነበረም።

ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል የተመረጡት ፈራጆች፣ ብዙ ሰዓት ከመከሩ በኋላ ከመግደል ክሱ ነፃ አሉት። በሁለተኛው ክስ ግን ጥፋተኛ።

ሁለተኛው ክስ የወጣው ከ1861 ሕግ ነው። በኛ ታሪክ ዐፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን መሆኑ ነው። በሰው አካል ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች የሚናገር ሕግ ሲሆን አንቀጽ 35 ሰረገላ በማናለብኝነትና በእብደት ፍጥነት ነድቶ ሰው የጎዳን ይቀጣል። ሕጉ ሲጻፍ ሐሳቡ ፈረስና ጋሪ ነው። በፔዳል የሚነዳ ሳይክል ገና ከፓሪስ ባለእጆች መሥሪያ ቦታ ብቅ እያለ ነበር። ያ ሕግ ነው እንግዲህ 156 ዓመት ቆይቶ አንድ የለንደን ወጣት ላይ የወደቀው። ትልቁ ቅጣት ሁለት ዓመት እስራት ነው።

ለምን አዲስ ሕግ አልተገኘም? ነበረ፣ ግን ለሳይክል የሚሆነው ቀላል ነው። የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ «አደገኛ አነዳድ» በሳይክል ሲሆን እስከ 2,500 ፓውንድ መቀጮ አለው፤ «ግዴለሽ አነዳድ» ደግሞ እስከ 1,000። ሁለቱም እስራት የላቸውም። ሰው ሲሞት የሚል የተለየ አንቀጽ አልነበረም። በመኪና ሲሆን ግን በአደገኛ አነዳድ ሰው የገደለ ያኔ እስከ 14 ዓመት ይታሰር ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ዕድሜ ልክ ድረስ ሆኗል። በመቀጮና በመግደል መካከል ያለውን ገደል የሞላው ያ የጋሪ ሕግ ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2017 ዳኛ ዌንዲ ጆሴፍ ፍርዱን ሰጡ፤ በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ 18 ወር። ዳኛዋ የተናገሩት እኔን የያዘኝን ነገር ነካ ያደርጋል። ጥፋቱን የፍሬኑ አለመኖር ብቻ አላደረጉትም። አነዳዱን በሙሉ ነው ያነሡት። እግረኛ ላይ እየጮኸ፣ ዞር እንዲሉለት እየጠበቀ መንዳቱን፣ በዚያም ደስታ ማግኘቱን ተናገሩ። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ለመቆም እንኳ እየሞከረ አልነበረም፤ የጠበቀው እሳቸው ዞር እንዲሉለት ነው።

ባለቤታቸው አቶ ማቲው ብሪግስ ነገሩን በዚህ አልተዉትም። ሕጉ ይለወጥ ብለው ዓመታት ደከሙ። ለመኪና የተጻፈው ለሳይክልም ይጻፍ ነው የሚሉት። መንግሥትም በ2018 ጥናት አሠራ፣ የሕዝብ አስተያየት ሰበሰበ። ከዚያ ነገሩ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

የሳይክል ወገኖች መልስ ነበራቸው፤ ቀላል መልስም አይደለም። ያ አደጋ በደረሰበት በ2016 በታላቋ ብሪታንያ መንገዶች ላይ 448 እግረኞች ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ሳይክል የገጫቸው ሦስት ናቸው። በዚያው ዓመት 102 ሳይክል ነጂዎችም ሞተዋል። ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው ማኅበር ያለው በአጭሩ ይህን ነው፦ የመንገድ ወንጀል ሕጉ በሙሉ ይፈተሽ፤ ለብቻው ሳይክሉን ነጥሎ ማውጣት ግን ዝሆኑን ትቶ አይጥ ማደን ነው። ቁጥሩን ሳየው እውነት አላቸው። ሆኖም ቁጥሩ የማይመዘግበው ነገር አለ። ከኋላው ሽው ሲልባቸው ደንግጠው ግድግዳ የሚይዙ ሽማግሌ፣ ልጇን በእጇ ጎትታ የምታሸሽ እናት የየትኛውም ሠንጠረዥ ረድፍ ውስጥ የሉም። ማንም አልተጎዳም፤ አደጋ አልደረሰም። ሽማግሌው ግን በሚቀጥለው ቀን ያንን መንገድ አይሄዱበትም።

ሌላ አንድ ጉዳይ ላምጣ፤ ከኦልድ ስትሪቱ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ያሳያል። በ2015 ነው፣ ለንደን ብሪጅ አጠገብ። አንድ ሳይክል ነጂ አረንጓዴ መብራት በርቶለት ያልፋል። አንዲት ሴት ስልኳን እያየች ከሌሎች ሰዎች ጋር እያቋረጠች ነበር። ሰውየው ፍጥነቱ በሰዓት ከ16 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ጡሩንባ ነፋ፣ ጮኸ፣ ፍሬን ያዘ፣ ተጠማዘዘ። ሴትየዋ ደነገጠችና ወደ ኋላ ተመለሰች። እሱም የተጠማዘዘው ወደዚያው ነበር። ሁለቱም ወደቁ። ነገሩ የካሳ ክስ ሆኖ በ2019 ተወሰነ። ዳኛዋ ሰውየው የተረጋጋና ምክንያታዊ ነጂ መሆኑን መሰከሩለት። ቢሆንም ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ አካፈሉ። ሳይክል የሚነዳ ሰው እግረኛ ያልታሰበ ነገር ሊያደርግ እንደሚችል ሁልጊዜ መዘጋጀት አለበት አሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህኛው ሰውዬ ያሳዝናል። ፍሬን ነበረው፣ ተጠቅሞበታልም። በራሱ በኩል የካሳ ክስ ስላልመሠረተ የፍርድ ቤቱ ወጪ ጫና በእሱ ላይ ወደቀና ሰዎች ገንዘብ አዋጡለት። ግን ሁለቱን ታሪኮች ስታስተያይ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በሁለቱም እግረኛዋ ተጮኸባት፤ በሁለቱም ወደ ኋላ ተመለሰች። ጨዋውም ጋጠወጡም ጩኸት ላይ ቢተማመኑ ውጤቱ ያው ሆነ።

ኋላ የሕጉን ነገር የቀሰቀሰው ደግሞ ሌላ ሞት ነው። በ2022 ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ የ81 ዓመት አዛውንት ውሻቸውን ይዘው ሲያቋርጡ በቡድን የሚጋልቡ ሳይክለኞች መጡ። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ40 እስከ 47 ኪሎ ሜትር ነበር። የመንገዱ ወሰን 32 ነው። አዛውንቷ ተገጭተው ቆይተው ሞቱ። ነጂው አልተከሰሰም፤ አንዱ ምክንያት እዚያ አገር የፍጥነት ወሰን የሚያዝዘው ባለሞተር ተሽከርካሪን እንጂ ሳይክልን አለመሆኑ ነው። ይህ በሜይ 2024 በአደባባይ ሲሰማ ሰው ተቆጣ። የፓርላማ አባሉ ኢያን ደንከን ስሚዝ በዚያው ወር ማሻሻያ አቅርበው ተቀባይነት አገኘ። በሳምንቱ ምርጫ ተጠራና ረቂቁ ከፓርላማው ጋር አብሮ ወደቀ። በ2025 አዲሱ መንግሥት ያንኑ ሐሳብ በሌላ ረቂቅ ሕግ ውስጥ መልሶ አስገባው፤ በአደገኛ የሳይክል አነዳድ ሰው የገደለ እስከ ዕድሜ ልክ ሊታሰር ይችላል የሚል።

እኔ ግን ሕጉ ኦልድ ስትሪትን ይለውጠዋል ብዬ አላስብም። ሳይክል ላይ የተቀመጠ የ18 ዓመት ልጅ የቅጣት አንቀጽ አያሰላም። ይልቅ ከኦልድ ስትሪት ወደ ሰሜን ብዙ ሳይርቅ ያለውን የሪጀንት ቦይ ዳር ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። ውሃው ዳር ያለው ጠባብ መንገድ ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች የሚሄዱበት ነው። ዛሬ እግረኛውም፣ ሯጩም፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋውም፣ ሳይክሉም እዚያው ላይ ነው። በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው ውሃ። ድልድይ ሥር ሲገባ ከወዲያ የሚመጣው አይታይም። እዚያ ላይ ደወል ሁለቴ ቂል ቂል አድርጋችሁ እለፉ የሚል ዘመቻ ይካሄድ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም አንዳንዱ ደወሉን እንደ ይለፍ ወረቀት ያዘው። ቂል ቂል ያደርጋል፣ ፍጥነቱን አይነካም፣ ያልፋል። እግረኛው ጆሮው የማይሰማ ቢሆንስ? ውሃው ዳር ያለው ልጅ ቢሆንስ?

በጃንዋሪ 2022 የተሻሻለው የመንገድ መመሪያ ይህን በደንብ አስቀምጦታል። ከእግረኛ ጋር በምትጋራው መንገድ ላይ በተለይ ከኋላ መጥተህ ተጠግተህ ወይም በፍጥነት አትለፍ። መኖርህን አሳውቅ፤ ደወል ምታ ወይም በትሕትና ተናገር። ሰውየው የማይሰማ ወይም የማያይ ሊሆን እንደሚችል አስብ። አስፈላጊ ከሆነ ለመቀነስም ለመቆምም ተዘጋጅ። ሌላም አዲስ ነገር ጨምሯል፦ ብዙ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ብዙ ኃላፊነት አለበት። የጭነት መኪናው ለሳይክሉ፣ ሳይክሉ ለእግረኛው። ሳይክል ነጂው ከላይ የጭነት መኪና ሲያስጨንቀው የሚጮኸውን እሮሮ ወደ ታች ሲመጣ መርሳት የለበትም ማለት ነው።

አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ ከእግረኛ መንገዱ ጎን የብስክሌት መስመር ዘርግታለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይህ ጥያቄ አይቀሬ ነው። እግረኛው ወሬ ይዞ ሳያውቀው መስመሩ ላይ ይወጣል፤ ሳይክል የሚነዳው ልጅ መስመሩ የኔ ነው ይላል። በቀለሙ ከሄድን ልጁ ትክክል ነው። ወይዘሮ ኪምም ከማቋረጫው ውጭ ነበሩ፤ ያቺ ስልኳን ስታይ የነበረችውም መብራቱ የሷ አልነበረም። የኛ ሰፈር ልጆች «ፍሬን የለውም!» ሲሉ የነበረው ቢያንስ እውነት ነበር። አዲሱ መስመር ላይ ፍሬን ያለው ሳይክል ይዞ «ዞር በሉ!» የሚለው ምን ሊል ነው?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ የእንግሊዝ ሕግ ራሱ ሳያስበው የሰጠው መልስ ስለሚመስለኝ ነው። እዚያ አገር ደወል የሌለው አዲስ ሳይክል መሸጥ ክልክል ነው። ከሱቁ በር ወጥተህ ደወሉን ፈተህ ብትጥለው ግን የሚጠይቅህ የለም፤ ያለ ደወል መንዳት ጥፋት አይደለም። የፊት ፍሬኑን ፈተህ የወጣህ ለታ ነው ፖሊስ የሚያስቆምህ።